በሳጥኑ ውስጥ የቀረው ማን ነው?
ስለ ሁለቱ ተፎካካሪ ምትሐተኞች ፊልም፣ ከልጆቻችን ጋር እንድንነጋገርበት



ሁለት ወገኖች በተአምርና በምትሐት ሲፎካከሩ መስማት ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ኦሪት ሲነበብ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። አሮን በትሩን በፈርዖን ፊት ሲጥላት እባብ ሆነች፤ የግብፅ አስማተኞችም በጥበባቸው እንደዚያው አደረጉ፤ በመጨረሻ ግን የአሮን በትር የእነርሱን በትሮች ዋጠች። በዚያ ታሪክ ፍጻሜው ግልጽ ነው። የእግዚአብሔር ሥራ የትኛው፣ የሰው ብልሃት የትኛው እንደሆነ ሰሚው አይጠራጠርም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ፊልም ግን እንደዚያ በግልጽ የሚያልቅ አይደለም። ስሙ «ዘ ፕሬስቲጅ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን በ2006 ያወጣው ሲሆን፣ ታሪኩ የተወሰደው ክሪስቶፈር ፕሪስት በ1995 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ወጣቶቻችን ዛሬም ያዩታል፤ አይተውም ይከራከሩበታል።

እኛ በሮቫ ሔት ከቤተሰቦች ጋር የምንሠራ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ስለዚህ ፊልም ከሁለት ወገን እንጠየቃለን። ልጆቹ «መጨረሻው ምን ማለት ነው?» ይሉናል። ወላጆች ደግሞ «ይህ ልጆቻችን የሚያዩት የአስማት ፊልም ምንድን ነው?» ይሉናል። ሁለቱም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ከዚህ በታች የፊልሙን መጨረሻ ስለምንገልጥ፣ ሳይነገረው ማየት የሚፈልግ ሰው ፊልሙን አስቀድሞ ይየው።

አስማትና ምትሐት

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። በአገር ቤት አስማት ስንል መናፍስት መጥራትን፣ ድግምት መድገምን፣ ሰው መጉዳትን እናስባለን። ኦሪትም የከለከለችው ይህንን ነው። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በእጅ ፍጥነት፣ በመስተዋት፣ በድብቅ በርና በረዳት እየተጠቀሙ የሰውን ዓይን የሚያሳስቱ ባለሙያዎች ናቸው። ቲኬት ቆርጦ የገባው ተመልካችም እንደሚታለል ያውቃል፤ ገንዘቡን የከፈለው ለዚሁ ነው። በአማርኛ ምትሐት ብንለው ይቀርባል። በዕብራይስጥ ግን ኦሪት የከለከለችውም «ኮሴም»፣ በልጆች በዓል ላይ ከባርኔጣ ጥንቸል የሚያወጣውም «ኮሴም» ነው። ስለዚህ ልጅ በዕብራይስጥ አንድ ነገር ተናግሮ አባት በአማርኛ ሌላ ነገር ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ያወጡ፣ ሸክላ ሠርተው ጋንና ማሰሮ ይሸጡ ነበር። ጎረቤት ዕቃውን ገዝቶ ሠሪውን ግን ይፈራው ነበር። «ቡዳ ነው፤ ቀን ሰው ሆኖ ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር። ልጅ ቢታመም፣ ከብት ቢሞት ጣት የሚቀሰረው በእነርሱ ላይ ነበር። እንግዲህ «አንድ ሰው በሁለት አካል ይታያል» የሚለው ወሬ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ጨዋታ አልነበረም። አንድ አዛውንት ይህን ፊልም አይተው ፊታቸውን ቢያዞሩ፣ ልጆች «አልገባቸውም» ብለው መሳቅ የለባቸውም። ምናልባት ከሁሉም ይልቅ የገባቸው እርሳቸው ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ

ነገሩ የሚሆነው በለንደን ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ሮበርት አንጂየርና አልፍሬድ ቦርደን ለአንድ አንጋፋ ምትሐተኛ በረዳትነት ይሠራሉ። አንድ ምሽት የአንጂየር ሚስት ጁሊያ እጇ ታስሮ ውሃ ወደሞላበት የመስተዋት ሳጥን ትገባለች። ገመዱን ፈትታ መውጣት ነበረባት፤ ቋጠሮው ግን እምቢ አለ፤ እዚያው ሰጥማ ሞተች። ያሰራት ቦርደን ነው። አንጂየር በቀብሯ ላይ «የትኛውን ቋጠሮ ነው ያሰርከው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ቦርደን «አላውቅም» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ደመኞች ሆኑ። አንዱ የሌላውን ትርኢት ያበላሻል። ቦርደን አንጂየር በተኮሰው ጥይት ጣቶቹን ያጣል። ቢሆንም ቦርደን አንድ ትርኢት አወጣ፤ በመድረኩ በአንደኛው ጫፍ ባለው በር ይገባል፣ በዚያው ቅጽበት በሌላኛው ጫፍ ካለው በር ይወጣል። ለአንጂየር የትርኢት ዕቃ የሚሠራለት ሽማግሌው ከተር ገና አንድ ጊዜ እንዳየው «የሚመስለው ሰው አለው» አለ። አንጂየር ግን አልተቀበለም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሊሆን አይችልም ብሎ ምስጢሩን ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ተጓዘ፤ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ኒኮላ ቴስላን አገኘ። ቴስላ በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ በ1899 በዚያች ከተማ ላቦራቶሪ ከፍቶ በኤሌክትሪክ ላይ ምርምር አድርጓል። በፊልሙ ውስጥ ለአንጂየር አንድ ልዩ መሣሪያ ይሠራለታል።

አንጂየር መሣሪያውን ይዞ ወደ ለንደን ተመለሰ። የመብረቅ ብልጭታ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ወዲያው ከአዳራሹ በላይ ካለው ሰገነት ብቅ ይላል። አንድ ምሽት ቦርደን ምስጢሩን ለማወቅ ከመድረኩ ሥር ሾልኮ ገባ። አንጂየር በውሃ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሲሰጥም አየ። ቦርደን ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ተያዘ፤ ተፈርዶበትም ተሰቀለ።

የመጀመሪያው ምስጢር፦ ሁለት ወንድማማቾች

ቦርደን ከተሰቀለ በኋላ ቦርደን በሩን ከፍቶ ይገባል። ሞቷል የተባለው አንጂየርም በሕይወት አለ፤ ቦርደን ግን ተኩሶ ይመታዋል። ምስጢሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። መልሱም ሽማግሌው ከተር መጀመሪያውኑ የተናገረው ነው። ቦርደን አንድ ሰው አልነበረም። ሁለት መንትዮች አንድ ስምና አንድ ኑሮ ተካፍለው ይኖሩ ነበር። አንዱ ቦርደን ሲሆን፣ ሌላው ጢም ለጥፎ ፋለን የሚባል ዝምተኛ ረዳት ይሆናል። በተራ ይለዋወጣሉ። የአንዱ ጣት ሲቆረጥ ሌላውም የራሱን ጣት ቆረጠ። አንዱ ሚስታቸውን ሣራን ይወዳል፤ ሌላው ኦሊቪያ የምትባለውን ረዳት ይወዳል። ሣራ ባሏ «እወድሻለሁ» ሲላት ዓይኑን ታይና «ዛሬ እውነት አይደለም» ትለው ነበር፤ በሌላ ቀን ደግሞ «ዛሬ እውነት ነው» ትላለች። አልተሳሳተችም ነበር። ነገር ግን እውነቱን የሚነግራት አልነበረም። ሐዘኑ በረታባትና ራሷን አጠፋች።

ይህን አውቆ ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው፣ ፍንጩ ሁሉ ከመጀመሪያው ተቀምጦለት እንደነበረ ይረዳል። «አላውቅም» የሚለው መልስ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ያሰረው አንደኛው፣ ለቀብር የመጣው ሌላኛው ከሆነ። ገና በመጀመሪያው ክፍል አንድ ትንሽ ልጅ ወፍ ከነቤቷ ስትጠፋ አይቶ ያለቅሳል። ቦርደን ሌላ ወፍ አውጥቶ «ይኸው፣ ደህና ናት» ቢለው ልጁ «ወንድሙስ የት አለ?» ይላል። አንዱ ወፍ ተጨፍልቆ ሞቷል፤ የታየው ሌላው ነው። አዋቂው ሁሉ ሲያጨበጭብ ልጁ ግን የጎደለውን ቆጠረ።

ሁለተኛው ምስጢር፦ መሣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ሰው የሚከራከረው በዚህኛው ላይ ነው። ሁለት አፈታት አለ።

አንደኛው አፈታት መሣሪያው በእውነት ይሠራል የሚል ነው። ሰው ሲገባበት ሁለተኛ ሰው ይወጣል፤ መልኩም፣ ትዝታውም፣ ስሙም አንድ ነው። አንዱ ከመድረክ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ወድቆ ይሰጥማል፤ ሌላው ከላይ ቆሞ ጭብጨባ ይቀበላል። አንጂየር ይህን በየምሽቱ አደረገ። ለዚህ አፈታት ማስረጃው ብዙ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ጫካ ውስጥ ተከምረው የሚታዩት አንድ ዓይነት ባርኔጣዎች አሉ። በሙከራው ጊዜ ከአንድ ጥቁር ድመት ሁለት ሲሆኑ እናያለን። ከሁሉም በላይ አንጂየር ራሱ ሊሞት ሲል፣ በየምሽቱ ወደ መሣሪያው ሲገባ በሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው እርሱ ይሁን ወይም ከላይ የሚወጣው እርሱ ይሁን እንደማያውቅ ይናገራል። ለሞት የቀረበ ሰው ምን ሊያተርፍ ይዋሻል?

ሁለተኛው አፈታት መሣሪያው መብረቅ ከማብለጭለጭ በቀር ምንም አይሠራም የሚል ነው። አንጂየር ቀድሞም አንድ የሚመስለውን ሰካራም ተዋናይ ቀጥሮ ነበር፤ በሳጥኑ የሰጠመው እርሱ ወይም እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ይላሉ። የኮሎራዶውን ታሪክ የምናገኘው አንጂየር ከጻፈው የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ያንን ማስታወሻ ደግሞ የጻፈው ቦርደን እስር ቤት ሆኖ እንዲያነበው ነው። ቦርደንም ከዚያ በፊት አንጂየርን በሐሰተኛ ማስታወሻ አታሎታል። በጠላት እጅ እንዲወድቅ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ምን ያህል ይታመናል? በመጨረሻም ከተር፣ ተመልካች ምስጢሩን የሚፈልግ ይመስላል እንጂ መታለል ይወዳል የሚል ሐሳብ ተናግሮ ፊልሙ ያበቃል። ያን ጊዜ የሚታየው በሳጥን ውስጥ ያለ አስከሬን ነው።

እኛ ወደ አንደኛው አፈታት እናደላለን። ባርኔጣዎቹን ያሳየን ማንም ማስታወሻውን ከማንበቡ በፊት ነው፤ አንጂየርም ሲሞት የተናገረው የሚታመን ነው። ሆኖም ሁለቱን አፈታቶች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መሣሪያው ከሠራ በሳጥኑ የሰጠመው አንጂየር ራሱ ነው። ካልሠራ የሰጠመው ሌላ ምስኪን ሰው ነው። በሁለቱም መንገድ ሳጥኑ ባዶ አይደለም። አንድ ሰው ከላይ እንዲጨበጨብለት አንድ ሰው ከታች ቀርቷል።

ሰሙና ወርቁ

ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለመፍታት ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ ማወቅ ብቻ አይበቃም። በአማርኛ ያደገ ጆሮ ለዚህ የተሠራ ነው። «ልጁ ሳለ» የሚለውን አባባል እንውሰድ። ሐኪም ቢሰማው ሳል የያዘው ልጅ ይታየዋል። አስተማሪ ቢሰማው ሥዕል የሚሥል ልጅ ይታየዋል። አስተዋይ ሰሚ ግን ትንሽ ይቆያል፤ «ልጁ ሳለ አባቱ መጣ» ተብሎ ሊያልቅ ይችላልና። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ሦስት ነው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንሰማ «የትኛው ነው ትክክሉ?» ብለን ብቻ አናቆምም፤ ሰሙ ምን ይላል፣ ወርቁስ ምን ይላል ብለን ሁለቱን እንይዛለን።

በዚህ ፊልም ሰሙ መሣሪያው ነው። መብረቁ፣ ድመቱ፣ ባርኔጣው ሰም ነው። ወርቁ የተከፈለው ዋጋ ነው። አንጂየር ሚስቱን የነጠቀውን ሞት፣ ያንኑ የውሃ ሳጥን፣ የገዛ ትርኢቱ አደረገው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የቦርደንን ምስጢር ለማውረድ ሲንጠራራ ራሱን ጣለ። ቦርደኖቹ ደግሞ ለአንድ ትርኢት ብለው ሁለት ሙሉ ሰዎች ሆነው መኖር ሲችሉ ሁለት ግማሽ ሰዎች ሆኑ።

በእውነት የነበረው ሰው

ይህ ተረት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በፊልሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየውን ቹንግ ሊንግ ሱን እንጥቀስለት። በፊልሙ ይህ ሰው ከመድረክ ውጭም አካለ ስንኩል ሽማግሌ መስሎ ይኖራል፤ ቦርደንም ያየውና ትልቁ ምትሐት ይኸው አኗኗሩ ነው ይላል።

የእውነተኛው ሰው ታሪክ ከፊልሙ ይበልጣል። ቹንግ ሊንግ ሱ ቻይናዊ አልነበረም። ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ቺንግ ሊንግ ፉ የሚባለውን እውነተኛ ቻይናዊ ምትሐተኛ አስመስሎ ከ1900 ጀምሮ ልብሱን፣ ስሙንና መልኩን ለወጠ። ከጋዜጠኞች ጋር ሲነጋገር እንኳ በአስተርጓሚ ነበር፤ የገዛ ቋንቋውን በአስተርጓሚ ይሰማ ነበር ማለት ነው። በ1905 ሁለቱም ለንደን ውስጥ ሳሉ እውነተኛው ማን ነው በሚል ክርክር ገጠሙ። ያ ክርክር አስመሳዩን አላጠፋውም፤ ሥራው ቀጠለ። በመጋቢት 1918 ለንደን ውስጥ ጥይት በእጁ የሚይዝበትን ትርኢት ሲያሳይ ጠመንጃው በእውነት ተኮሰና ደረቱን መታው። በመድረክ ላይ ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያልተናገረው ሰው ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ መጋረጃው እንዲወርድ ጮኸ። በማግሥቱ ሞተ። ተመልካቹ የሰውየውን የገዛ ድምፅ የሰማው ሊሞት ሲል ነው።

ለእኛስ ምን ይላል?

በሮቫ ሔት ብዙ ልጅ ሁለት ስም አለው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለመጡት ብዙ ልጆች በመርካዝ ክሊታ ወይም በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ይወጣላቸው ነበር። ዛሬም ስሙን በራሱ ፈቃድ የሚለውጥ ልጅ አለ። ሁለት ስም መያዝ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ልጁ አንዱን ስም ከሌላው ሲደብቅ ነው። በትምህርት ቤት እናቱ አማርኛ ስታናግረው እንዳልሰማ ይሆናል፤ በቤት ደግሞ በትምህርት ቤት የደረሰበትን ስድብ አይናገርም። ጓደኞቹ አንዱን ግማሽ ያውቃሉ፤ እናትና አባቱ ሌላውን ግማሽ ያውቃሉ። እናት ልጇን ስታይ እንደ ሣራ «ዛሬ አንተ አይደለህም» ትላለች፤ አልተሳሳተችም።

በወላጆችም ዘንድ እንዲሁ ነው። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ሳሉ ሰው የሚያስታርቁ፣ ምክር የሚጠየቁ አባት፣ እዚህ በኩፓት ሖሊምና በባንክ ልጃቸው ሲያስተረጉምላቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ልጁ ከላይ ይታያል፤ አባት ከመድረክ በታች ቀርተዋል። አንጂየር ሰካራሙን ተዋናይ በእርሱ ምትክ ሲያወጣ፣ ራሱ ከወለሉ በታች ቆሞ ለሌላ ሰው የሚጨበጨበውን ይሰማ ነበር። ይህን ክፍል ያዩ አባቶች ትርጉም አያስፈልጋቸውም።

የእኛን ሰዎች የሚመለከት ሌላ ፊልምም ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። ራዱ ሚሀይሌአኑ በ2005 ያወጣው ፊልም ነው፤ ስሙ ሲተረጎም «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው። በኦፕሬሽን ሙሴ ጊዜ በሱዳን ካምፕ ያለች አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከሞት ለማትረፍ ወደ ቤተ እስራኤል ሰልፍ ትልከዋለች። ልጁ በሞተ የአይሁድ ልጅ ስም ወደ እስራኤል ይመጣል። በሌላ ሰው ስም ያድጋል፤ ይማራል፤ ሐኪም ይሆናል። ምስጢሩ ግን ሌሊት ሌሊት ያነቃዋል። የሚፈወሰው ምስጢሩን አንድ በአንድ ለሚወዱት ሰዎች መናገር ሲጀምር ነው። ፊልሙ የሚያበቃው እናቱን በካምፕ ሲያገኛትና እርሷ ስትጮኽ ነው። ጩኸቱ የደስታ ነው ወይስ የሐዘን? ይህንንም ተመልካቹ ይፍታው ብለው ትተውታል። ነገር ግን ከቦርደን ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ይህ ልጅ የቀረውን ግማሹን ሄዶ ፈልጎታል።

ፊልሙን ከልጆች ጋር ለምታዩ

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል። መስጠም፣ መሰቀልና ራስን ማጥፋት ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ካሉት ጋር ግን አብሮ ማየት ይጠቅማል። ልጁ እንዲተረጉም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እናንተ ደግሞ የምታዩትን በአማርኛ ንገሩት። ፊልሙ ሲያልቅ እነዚህን ተጠያየቁ፦

1. ቦርደን «አላውቅም» ሲል እውነቱን ነው ወይስ ይዋሻል?
2. መንትዮቹ ለሣራ እውነቱን ቢነግሯት ምን ያጡ ነበር? ምንስ ያገኙ ነበር?
3. መሣሪያው ይሠራል የምትሉ ማስረጃችሁ ምንድን ነው? አይሠራም የምትሉስ?
4. በቤታችን ከላይ የሚታየው ማን ነው? ከታች የቀረውስ?

አራተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መመለስ ላይቻል ይችላል፤ አትቸኩሉ። ልጅ ዝም ቢል አያስጨንቃችሁ፤ አባት ስለ አገር ቤት ኑሮው ቀድሞ ቢናገር ልጅም ስለ ትምህርት ቤቱ መናገር ይቀለዋል። ልጃችሁ ብዙ ቀን ከሰው የሚሸሽ፣ እንቅልፍ የሚያጣ ወይም ስለ ሞት የሚናገር ከሆነ ግን ፊልምና ወሬ አይበቃውም፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ወይም በሰፈራችሁ ያለውን የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ አነጋግሩ።

በመጨረሻው ምስጢር ላይ የእናንተ አፈታት ከእኛ የተለየ ከሆነ ጻፉልን። ወላጆች በአማርኛ፣ ልጆች በዕብራይስጥ ቢጽፉ ሁለቱንም ጎን ለጎን እናወጣለን።